የተረከዜና የቅዳሜዬ ነገር

ቅዳሜ፣ መስከረም 3 ቀን 2018

ዛሬም ሮጥን! እኔና ሰገነት፣ ሁለት ወፋፍራም ሴቶች፣ በቱታ፣ ከጊዮርጊስ ቁልቁል እስከ ቴዎድሮስ አደባባይ፣ ከዚያ ደግሞ ሽቅብ ወደ ፒያሳ። ቁልቁለቱን እንደ ልጃገረድ ነው የምንወርደው። ዳገቱ ላይ ዕድሜያችን ትዝ ይለናል። የባንኩ ጥበቃ እንደ ልማዱ ብቅ ብሎ "ደግሞ መጣችሁ? ምን ዘርፋችሁ ነው የምትሮጡት?" አለን። ሰገነት ትንፋሿ እየተቆራረጠ "ብንዘርፍማ በታክሲ ነበር የምንሄደው!" አለችው። በሳቅ ወገቤን ይዤ ቆምኩ፤ ሩጫው እዚያ ላይ አለቀ።

ከዚያ ማኪያቶ። ላባችን ሳይደርቅ፣ ባንኮኒውን ተደግፈን፣ ወሬ። ስለ ልጆቿ፣ ስለ ባለቤቴ፣ ስለ ቲማቲም ዋጋ። ከዚያ እሷ ወደ ታክሲ፣ እኔም ወደ ሱቄ።

ሰገነት ማለት ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ ግድግዳ የተጋራችኝ ሴት ናት። ሰፈራችን ለልማት ሲነሳ እነሱ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ገቡ፤ እኛ የክርና የልብስ ቁልፍ ሱቃችንን ብለን እዚሁ አፍንጮ በር ቤት ተከራየን። ሩጫ የጀመርነው ከዚያ ወዲህ ነው። ለጤና ነው። እሷ ስኳር አለባት፣ ተንቀሳቀሺ ተብላለች። እኔም ቀሚሶቼ ጠበውኛል።

ተረከዜን ትንሽ ያመኛል እንጂ ሌላው ሰላም ነው፣ አልሐምዱሊላህ።

ሰኞ፣ መስከረም 5

ለሱብሂ ሶላት ከአልጋ ስወርድ ግራ ተረከዜ ላይ ሚስማር የረገጥኩ መሰለኝ። ጥቂት ስራመድ ለቀቅ ያደርገኛል። ሱጁድ ላይ ተደፍቼ የእግሬን ጣቶች ስተክል ደግሞ እስከ ባቴ ይስበኛል። ባለቤቴ አብዱልሰላም ሰግዶ ሲነሳ አየኝ።

"ምን ሆነሽ ነው?"

"እግሬ ደንዝዞ ነው።"

"ደንዝዞ ነው ሮጦ?"

መስገጃዬን አጠፍኩ። ባሌ አንድ ጥያቄ ከጠየቀ ሌላውን ለነገ ያስቀምጣል፤ ጥሩነቱ እሱ ነው።

ጫማዬ እንደሆነ ምንም አይወጣለትም። ሰልባጅ ነው፤ ግን እንዴት ያለ ሰልባጅ! ነጭ፣ ጎኑ ላይ ወይን ጠጅ መስመር ያለው፣ የአንድ ሰው እግር ገብቶበታል ለማለት ይከብዳል። ሻጩ "እናቴ፣ ውስጡን እንዳትነኪው፣ ከነውስጥ ሶሉ ኦርጅናል ነው" ብሎ አስምሎ ነው የሸጠልኝ። አልነካሁትም። ኦርጅናል ማን ይነካል?

ሐሙስ፣ መስከረም 8

ፈቀደ ጋ ሄድኩ። ከኛ ሱቅ ሁለት በር አለፍ ብሎ የስፖርት ዕቃ የሚሸጠው። አፉ የአራዳ ነው፣ ከሱ ጋር ሲነጋገሩ መፍጠን ያስፈልጋል።

"ጫማ ውስጥ የሚገባ ሶል አለህ? ለተረከዝ።"

"ለማን ነው ማዘር?"

"ለሰው።"

"ሰውየው ቁጥሩ ስንት ነው?"

"ሠላሳ ዘጠኝ።"

ቁልቁል እግሬን አየና "የማውቀው ሰው ሳይሆን አይቀርም" አለኝ። ከዚያ ሰማያዊ፣ የሚንቀጠቀጥ ጄል አወጣ። "ይሄ ደመና ነው። አንዴ ከረገጡበት መሬት የሚባል ነገር የለም።" በጣቴ ተጫንኩት፤ ጣቴ ስምጥ አለ። እንዴት ደስ ይላል! ገዛሁት።

ቤት ስገባ ከኦርጅናሉ በላይ ደረብኩት። አብዱልሰላም አይቶ "ገበር ላይ ገበር" አለ። የሱቅ ሰው፣ ሁሉም ነገር ልብስ ይመስለዋል።

ቅዳሜ፣ መስከረም 10

ሮጥን። ጫማው ጠበበ፤ ሶሉ ከፍ ስላደረገኝ ተረከዜ ከኋላ እየሾለከ አስቸገረኝ። ደመናው ደህና ነበር እስከ አደባባዩ። ከዚያ ሚስማሩ መጣ።

"ምነው ታነክሻለሽ?" አለች ሰገነት።

"ጠጠር ገብቶብኝ ነው።"

ቆምኩ፣ ጫማዬን አወለቅኩ፣ ያልነበረውን ጠጠር አራገፍኩ። እሷ ትከሻዬን ይዛ ጠበቀችኝ። ለምን እንደዋሸኋት እንጃ። ያመኛል ብላት አርፈሽ ተቀመጪ ትለኛለች፤ ለዚህ ይሆናል።

ማኪያቶ ላይ እንዲህ አለች፦ "የኛ ብሎክ ሴቶች ቅዳሜ ጠዋት ግቢውን ይዞሩታል። አንቺም ነይ እያሉኝ ነው።"

"እና?"

"እና ምን? ወሬ ነው የማወራሽ።"

ማታ።

ደህና ሴቶች ይሆናሉ። ለሷም ይቀርባታል፤ ሁለት ታክሲ መጋፋት የለ፣ በጨለማ መነሳት የለ። እኔ በሷ ቦታ ብሆን ከኮዬ ፈጬ እስከዚህ እመጣ ነበር? እመጣ ነበር። ግን እኔ ሱቅ አለኝ እዚህ፣ የኔ ነገር ይለያል። ለማንኛውም ይሄ ተረከዝ ቶሎ መዳን አለበት። ለጤናዬ ነው።

እሁድ፣ መስከረም 18

ትናንት መስቀል ስለነበር ሩጫ የለም። እነሰገነት ቤት ለበዓል ሄድን፤ አብዱልሰላም ያንን ቡኒ ኮቱን ለብሶ፣ እኔ ኬክና ብርቱካን ይዤ። ባዶ እጅ አይኬድማ።

ሰገነት ጉራጌ ናት፤ መስቀልን መስቀል የምታደርገው እሷ ናት። ድሮ ግድግዳ ስንጋራ በዓሉ የኔም ሥራ ነበር። ጎመን ክትፎውን የምከትፈው እኔ ነበርኩ። እኛ የነሱን ሥጋ አንበላም፣ እነሱም የኛን፤ ግን አይቡና ጎመኑ ከኔ እጅ ነበር የሚወጣው። ድስቱ በሁለቱ ቤት መሀል ይዞር ነበር፣ የማን እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም።

ትናንት ግን ሶፋው ላይ ተቀመጥን። ቤቷ ያምራል፣ ነጭ መጋረጃ፣ ብርሃን፣ የራሷ ሽንት ቤት። ልነሳና ልረዳት ስል ትከሻዬን ይዛ አስቀመጠችኝ። አዲስ ሳህን አወጣች፣ ዳሩ ወርቅማ መስመር ያለው። ጎመኑ ተከትፎ፣ አይቡ ተሠርቶ፣ ቆጮው ተቆርጦ፣ ሁሉም አልቆ ቀረበ። እና ሰገነት ምን አለች?

"ምነው፣ ተጫወቱ እንጂ!"

ተጫወቱ! ለኔ! እኔም ብሶ "ምነው ይሄን ያህል፣ አስቸገርንሽ እኮ" ብዬ መለስኩላት። ከአፌ ሲወጣ በጆሮዬ ሰማሁት። አብዱልሰላም ግንባሩን አከከ።

ምግቡ ግሩም ነበር። በልተን፣ መርቀን፣ መጣን። ታክሲ ውስጥ አብዱልሰላም "ጥሩ በዓል ነበር" አለ፤ እኔም "በጣም" አልኩ።

ቅዳሜ በቱታ ስንሆን እንዲህ አንባባልም። ላብ ያጠመቀው ሰው እንግዳ መሆን አይችልም። ማንም ምንም ይዞ አይመጣም፣ ማንም ምንም አያቀርብም። ይሄንን ቅዳሜ ማጣት አልፈልግም። ይኸው፣ ጻፍኩት።

ረቡዕ፣ መስከረም 21

ክሊኒክ ሄድኩ! ናዝራዊት የምትባል የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አየችኝ፤ ለጋ ናት፣ ግን እጇ ብረት ነው። ተረከዜን በአውራ ጣቷ ስትጫነው ጣሪያው ተገለባበጠብኝ።

መጀመሪያ እግሬን ውኃ አስነክታ ወረቀት ላይ አቆመችኝ። የሰው ሁሉ እግር መሀሉ ጎድጎድ ያለ ነው የሚመስለኝ፤ የኔ ሙሉውን ታተመ፣ እንደ ዳቦ። "ጠፍጣፋ እግር ነው ያለዎት" አለችኝ። ከተረከዝ እስከ ጣት የሚሄድ ገመድ የመሰለ ጅማት አለ አለች፤ የመሀል እግር ቅስቱ ሲወድቅ እሱ ይወጠራል፣ ሌሊት ያርፋል፣ ጠዋት ድንገት ሲረገጥ ይጮኻል። ልክ እንደ እኔ ጠዋት።

"ጫማውን ያሳዩኝ።"

ሰጠኋት። ደመናውን አወጣች፣ "እሱስ ምቾት እንጂ ድጋፍ የለውም፣ እግርዎ ይሰምጥበታል" አለች። ቀጥላ ኦርጅናሉን አወጣች። ልከለክላት ነበር። ገልብጣ ስታየው ግራው ሥር፣ ተረከዙ ላይ፣ ጠንካራ ሽብልቅ ተጣብቆበታል። ቀኙ ላይ የለም።

"አንዱ እግርዎ ያጥራል ተብለው ያውቃሉ?"

"ኧረ በጭራሽ!"

"ይሄ ግራ እግሩ ላጠረ ሰው በልኩ የተሠራ ነው።"

"ሻጩ እኮ ኦርጅናል ነው ብሎኝ ነው!"

"ኦርጅናልማ ነው" አለች ሳቋን ይዛ። "የሌላ ሰው ኦርጅናል።"

የት አገር እንደሆነች እንጃ፣ አንዲት ሴት ግራ እግሯ አጥሮ፣ ሐኪም ለክቶላት፣ እንደዚያ አሠርታ ኖሯል። እኔ በሷ እግር የቸርችልን ጎዳና ስወጣና ስወርድ ከረምኩ። አሳዘነችኝም፣ አሳቀችኝም። አሁን በምን ትሄድ ይሆን?

መጥፎው ወሬ፦ ለጥቂት ሳምንት ሩጫ የለም። በእግር መሄድ ይቻላል። "እና ደግሞ" አለች ናዝራዊት፣ "ስኳር ያለበት ጓደኛ ካለዎት፣ እግሩን በየቀኑ ይመልከት፣ ጫማ ውስጥ ያገኘውን ሁሉ አይጠቅጥቅ።" ስለ ሰገነት አውርቼላት ነበር። ስለ ሰገነት ብዙ ሳላወራላት አልቀረሁም።

ሐሙስ፣ መስከረም 22

ፈቀደ ሱቅ፤ ዛሬ ግን ባለ እውቀት ሆኜ። ጫማዬን በፌስታል ይዤ።

"ደመናህን መልሰህ ውሰድ" አልኩት። "ቅስቱን ከታች የሚደግፍ፣ ተረከዙን እንደ ስኒ የሚያቅፍ ነው የምፈልገው።"

"ማዘር ኮሌጅ ገባሽ እንዴ?"

አንድ በአንድ ከመሀሉ አጠፍኳቸው። እጅ ላይ እንደ ጨርቅ እጥፍ የሚለውን ወደዚያ፤ ጣቶቹ ጋ ብቻ የሚተጣጠፈውን፣ መሀሉ እምቢ የሚለውን ወደዚህ። አንዱ ቅስቱ ከመጠን በላይ ጎልቶ እግሬን እንደ ጉልቻ ወጋኝ፤ እሱም ወደዚያ። አረንጓዴው ነው የተስማማኝ። ቆሜበት፣ በአንድ እግሬ ቆሜበት፣ እዚያው ሱቁ ውስጥ እየተንጎራደድኩ ሳለ ሁለት ሰው ቁምጣ ሊገዛ መጥቶ እኔን ሲያይ ቆየ። የድሮው ወጥቶ፣ አዲሱ በድሮው ልክ በመቀስ ተከርክሞ ገባ። በድሮው ላይ አይደረብም! ይሄን ለሁሉም ሰው መንገር አለብኝ። ከሰዓት ዚፕ ለገዛች ሴትዮ ነገርኳት።

ለጀማሪ በቀን ለትንሽ ጊዜ ብቻ ነው የሚደረገው፤ እግር መልመድ አለበት።

ቅዳሜ፣ መስከረም 24

ሩጫ መከልከሌን ለሰገነት አልነገርኳትም። "አዲስ ሶል ስላደረግኩ እስኪለመድ ቀስ እንበል" አልኳት፤ ቀስ አልን። ውሸት አይደለም። ሙሉ እውነትም አይደለም።

ማኪያቶ ቤት እጄን ታጥቤ ስመለስ ጀርባዋን ሰጥታ ስልክ ታወራለች። "አይ፣ ቅዳሜ አልችልም፤ ፒያሳ ነኝ… እግሬንማ እያመመኝ ነው፣ ግን ምን ላድርግ፣ ጓደኛዬ ሩጫ ትወዳለች፤ ብቀር ቅር ይላታል።"

ተመልሼ እንደገና እጄን ታጠብኩ።

እኔ? ሩጫ የምወደው እኔ?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 1

ነገርኳት። ጊዮርጊስ ፊት ለፊት፣ አዲሱ የድንጋይ መቀመጫ ላይ፣ ገና ሳንነሳ።

"ሰገነት፣ እኔ ዛሬ አልሮጥም። ሐኪም ከልክሎኛል። ከመስከረም ጀምሮ ተረከዜን እያመመኝ ነው።"

"ያ ጠጠርስ?"

"ጠጠር አልነበረም።"

"አንቺ ሌባ!" አለችና ተቀመጠች። ጫማዋን አወለቀች። ውስጡ ከፍራሽ የተቆረጠ ስፖንጅ ነው፣ ቡናማ፣ እንደ ደረቅ ዳቦ የተፈረፈረ። "እኔስ? ሁለቱም ተረከዜ ሞቷል እኮ! አንቺ ሩጫ ስለምትወጂ ብዬ!"

"የምትወጂው አንቺ መስለሽኝ!"

"እኔ? እኔ ታክሲ ለማሳደድ ካልሆነ ሮጬም አላውቅ!"

እንዲህ ስቀን አናውቅም። ሰው ቆሞ አየን። ሳቁ አለቀ። እሷም ጫማዋን ታያለች፣ እኔም የሷን ጫማ። ሩጫውን ሁለታችንም ካልወደድነው… ታዲያ ለምን እንደምንመጣ አንዳችን መናገር ነበረብን። እኔ ምን አልኩ? "ተነሺ፣ ሶል እንግዛልሽ!"

ፈቀደ በሩን ገና እየከፈተ ነበር። የሰገነትን እግር በውኃ አርሼ ሲሚንቶው ላይ አስረገጥኳት፤ የሷ መሀሉ የለም፣ ተረከዝና ጣት ብቻ፣ በቀጭን መስመር የተገናኙ። የኔን አጠገቡ አስቀመጥኩ።

"ፈቀደ፣ ና እይ" አለችው። "የሷ ሙሉ ዳቦ፣ የኔ የተበላ።"

"እናንተ ጫማ አይደለም የሚያስፈልጋችሁ" አለ እሱ፣ "መጋገሪያ ነው።"

ለሷ ቅስቱ ከፍ ያለ፣ ላዩ ለስለስ ያለ፣ ስፌቱ የማይፍቅ መረጥን። ስኳር ላለበት እግር እንዲህ ነው፤ ናዝራዊት ጋም እወስዳታለሁ። ስፖንጁን እኔ ራሴ ጣልኩት።

ስንለያይ "በይ ደህና ሁኚ" አለችኝ። "ቅዳሜ" አላለችም። ወትሮ ትል እንደሆነም አላስታውስ። ትል ነበር።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

አልመጣችም። ደወለች፦ ውኃ መጥቶ ነው፣ ጀሪካኑን ሁሉ ልሙላ አለች። ኮዬ ፈጬ ውኃ በተራ ነው፣ እውነት ነው።

ብቻዬን ሄጄ ተመለስኩ። ጥበቃው "ጓደኛሽ ተያዘች?" አለኝ። "ውኃ መጥቶ ነው" አልኩት። ምን ይገባዋል።

ሶሉ ጥሩ ነው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ለሱብሂ ስነሳ ሚስማሩ የለም! ተረማመድኩ፣ ተቀመጥኩ፣ እንደገና ተነሳሁ፣ የለም። አብዱልሰላምን ቀሰቀስኩት። "እግሬ ተሻለው!" "ደስ ይላል፤ ለሰገነት ደውለሽ ንገሪያት" አለና ሊሰግድ ተነሳ።

ልደውል ስልኩን አነሳሁ። ምን ልበላት? ቅዳሜ ነይ ልበላት? ሁለት ታክሲ ተጋፍተሽ፣ በማትወጂው ሩጫ፣ ነይ? አስቀመጥኩት። ነገሩን ባልናገር ኖሮ ይሻል ነበር እላለሁ፤ ደግሞ ያ ስፖንጅ ትዝ ይለኛል፤ ደግ አደረግኩ እላለሁ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ናዝራዊት ፈቀደችልኝ፤ ትንሽ መሮጥ፣ ትንሽ መሄድ። ሰገነት ዛሬም የለችም። የብሎካቸው ሰው ሞቶ ለቅሶ ቤት ናት፤ ድንኳን የሚተክሉት፣ ንፍሮ የሚቀቅሉት እነሱ ናቸው። እዚያም ጎረቤት ሆነች ማለት ነው። ደስ ይላል። ሰው በሄደበት ሰው ሲያገኝ ደስ ይላል።

ሮጥኩ። ብቻዬን፣ ቁልቁል። ተረከዜን ስኒው አቀፈው፣ ቅስቴን ከታች አንድ ነገር ደገፈው፣ እግሬ የራሴ እግር ሆነ። ቴዎድሮስ አደባባይ ስደርስ አልቆምኩም! ዳገቱን ጀመርኩት! ነፋሱ፣ ፀሐዩ፣ የሱቆቹ መዝጊያ ሲከፈት የሚያሰማው ኳኳታ… ለካ እወደዋለሁ። ይህችን ሩጫ እወዳታለሁ። በሃምሳ ዓመቴ!

ፒያሳ ደርሼ ዞር ስል የምነግረው ሰው አጣሁ። ማኪያቶውን ቁጭ ብዬ ጠጣሁ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

ሱቅ አብዱልሰላም ነው የዋለው፤ እኔ ቤት ልብስ አጥባለሁ። ፀጉሬ የተፈታ፣ ቀሚሴ እስከ ጉልበት የራሰ፣ ሳፋው በሩ አፍ ላይ።

ሰገነት ገባች።

አላንኳኳችም። በሳፋው ላይ ተሻግራ "እግዜር ይይልሽ፣ መግቢያው ላይ ነው የሚታጠብ?" እያለች ቀጥ ብላ ወደ ወጥ ቤት። የድስቱን ክዳን ስታነሳ ሰማሁት።

"ሽሮ ነው?"

"ሽሮ ነው።"

"ቅቤ የለውም? ረቡዕ ነው፣ እጾማለሁ።"

"በዘይት ነው።"

"ጨውም የለውም።"

"ታዲያ ጨምሪበት! የት እንዳለ ፈልጊው!"

ፈለገችው፣ አገኘችው። የትላንት እንጀራ ነበር፤ እዚያው በድስቱ፣ እሷ በርጩማ ላይ እኔ በተገለበጠ ባልዲ ላይ፣ በላን። ለቅሶ ቤቱን አወራችልኝ፣ የብሎካቸው ሊቀመንበር ንፉግ ነው አለች፣ የማላውቀውን ሰው ስሙን እየጠራች አማችልኝ። አዲሱን ሶሏን አድርጋ ነው የመጣችው፤ በየቀኑ እግሯን ታያለች፣ በመስታወት። እኔም ዳገቱን ነገርኳት። "ውሸታም" አለችኝ። "ወላሂ!" አልኳት። "እንግዲያው ቅዳሜ አይሻለሁ፤ እኔ ከላይ ቁጭ ብዬ ማኪያቶ እየጠጣሁ ነው የማይሽ" አለች።

ለምን እንደመጣች አልነገረችኝም። አልጠየቅኳትም። መንገዷ አይደለም፣ ጉዳይም የላት፣ ረቡዕ ነው።

ከዚያ እኔ ማጠቤን ቀጠልኩ፣ እሷ ያለቀለትን ጨመቀችልኝ። ታክሲ ሳይወደድ ልሂድ አለች። እጄ አረፋ ውስጥ ነበር፣ የአብዱልሰላም ቡኒ ኮት እጅጌ ላይ የበርበሬ ነጠብጣብ ነበረበትና እያሸሁ ነበር።

"በይ ሄድኩ" አለች።

"በይ" አልኩ።

አልሸኘኋትም።